ጥቆማ ፍርድ አይደለም

በጥቅምት ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ ስንጓዝ የተሳፈርንበት ሚኒባስ የኋላ ጎማው ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ቅያሪው ጎማ ደግሞ ነፋስ አልነበረውም። ሾፌሩ በአላፊ ሞተር ብስክሌት ይዞት ወደ ኋላ ሲመለስ፣ እኛ ገብሱ ከታጨደበት ማሳ ዳር ድንጋይ ድንጋያችንን መርጠን ተቀመጥን። እኔ ከመካነ ኢየሱስ አለፍ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የማስተምር መምህር ነኝ። የከተማይቱን ስም ለባለታሪኮቹ ክብር ስል ልተወው።

ከቀኜ የተቀመጡት አያ ጥጋቡ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ገደማ ነው፤ ዓይናቸውን ታክመው መመለሳቸው ነበር። አገሩ ሁሉ በሽምግልናቸው ያውቃቸዋል። ለሃያ ዓመት ያህል የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ስለመሩ፣ የማን ማሳ ከማን ማሳ በየትኛው ግራር እንደሚዋሰን ሌሊት ቢቀሰቅሷቸው ይናገራሉ። ከግራዬ ደግሞ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ያቀፈች አንዲት ወጣት ነበረች።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» አሏት አያ ጥጋቡ፣ እኔን አሻግረው።

«የመምሬ አዱኛ ልጅ ነኝ፣ ከንፋስ መውጫ። ዮዲት እባላለሁ።»

«መምሬ አዱኛን እንዴታ! ድምፀ መረዋ ናቸው። ወደ እኛ አገር ምን አመጣሽ?»

«በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነው። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ሁለት ዓመቱ አይደል? እሱን ነው የምጠብቀው።»

«ሌባ በኮምፒውተር በኩል ይገባል እንዴ?»

«ይገባል እንጂ፣ አባቴ። በር አይሰብርም፣ አጥር አይዘልም። ከሌላ አገር ተቀምጦ የእርስዎን ማሳ በሌላ ሰው ስም ሊያዞረው ይችላል።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በእኛ አገር መሬት ሲነሳ የማይቆጣ የለም።

«ታዲያ እንዲህ ያለውን የማይታይ ሌባ አንቺ በምን ታይዋለሽ?»

ዮዲት ፊቷ በራ። ያልተጠየቀችውን ጭምር ለመናገር የምትጓጓ ልጅ እንደነበረች ያን ጊዜ ተረዳሁ። «ብቻዬን አላየውም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል አለ፤ እሱ ያግዘኛል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ በቀን ስንት ፋይል እንደሚከፍት፣ በየትኛው ኮምፒውተር እንደሚሠራ አይቶ ልማዱን ይይዛል። ከልማዱ የወጣ ነገር ሲያይ ይጠቁመኛል።»

«ቆይ፣ ቆይ፤ ምን አልሽው? ሰው ሠራሽ ምን?»

«አስተውሎት።»

«ማስተዋል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ልጄ። እንደ ማረሻ ቀጥቅጦ የሚሠራው አንጥረኛ ከየት መጣ?»

«ስሙ ከግብሩ ይበልጣል፤ እውነትዎን ነው» አለች እየሳቀች። «እንደ ሰው አያስተውልም። ብዙ ያየ ውሻ ብለው ይውሰዱት። ቤተኛውን ከእንግዳው ይለያል፤ እንግዳ ሲያይ ይጮሃል።»

«ውሻማ ሥላሴን ሊዘክሩ የመጡ ካህንም ላይ ይጮሃል።»

ዮዲት አሁንም ሳቀች። አያ ጥጋቡ ግን አልሳቁም። በዘንጋቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አድርገው እንዲህ አሉ፤

«ሌባሻይ ሲባል ሰምተሻል?»

«በስም ብቻ።»

«በድሮ ዘመን አንድ ነገር ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁም እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል። ከደጃፉ የወደቀበት ሰው እሱ ሌባ ነው። እማኝ የለ፣ ጥያቄ የለ። የአባቴ አባት ደጃፍ ላይ ወደቀ። የአንድ ባላባት በቅሎ ጠፍታ ነበር። ሰውዬውን ገረፉት፣ ርስቱን ወሰዱበት፣ ወደ ስማዳ ተሰደደ። ከስድስት ወር በኋላ የበቅሎይቱ አጥንት ከገደል ሥር ተገኘ፤ ጅብ ነበር የበላት። እሱ ግን በሰው አገር ሌባ እንደተባለ ሞተ። አሁን ደግሞ አንቺ ባለ ሽቦ ሌባሻይ ይዘሽ መጣሽብን።»

ልጅቱ ስትመልስ ንግግሯ እንደ ቀድሞው አልፈጠነም።

«አባቴ፣ እኔም የምፈራው ይኸንኑ ነው። ቃል ልግባልዎ። ማሽኑ ይጠቁማል፤ አይፈርድም። ሰው ሳይጠየቅ፣ ማስረጃ ሳይታይ፣ በእሱ ጥቆማ ብቻ ማንም አይነካም።»

«ቃል ቀላል ነው፣ ልጄ። ሹም ደግሞ ችኩል ነው።»

ጎማው መጣ፤ ተሳፈርን። አያ ጥጋቡ ወርደው ሲሰናበቱ ግን ጉንጯን ስመው መረቋት። ባይስማሙም ወደዋት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ያየሁትን እንደ አየሁት፣ የሰማሁትንም ከባለቤቶቹ አፍ እንደ ሰማሁት ልናገር።

ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጽዮን ማርያም የምትከበርበት ቀን፣ እሑድ ስለዋለ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነበር። በማግስቱ ዮዲት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ማሽኑ ቀይ ምልክት አውጥቶ ጠበቃት። በበዓሉ ቀን አንድ ሰው በውብነሽ ስምና የይለፍ ቃል ገብቶ ከአርባ በላይ ፋይል ከፍቷል። ከተከፈቱት ውስጥ የተለወጡም ነበሩ። አዲሱ መንገድ ከሚያልፍበት ዳር ማሳ ያላቸው ባልቴት፣ የወይዘሮ ይታይሽ ይዞታ በማያውቁት ሰው ስም ዞሮ ተገኘ።

ውብነሽ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናት። በዚያ መስኮት ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች፣ ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ ሲመጣ ከወንበሯ ተነሥታ የምታስተናግድ ሴት ናት። ዮዲት ግን በዚያ ጥዋት ደንግጣ ነበርና፣ ማሽኑ ያወጣውን ሪፖርት እንዳለ ለኃላፊው ለአቶ መሐሪ ላከችው። በሪፖርቱ ራስጌ ላይ ማሽኑ ራሱ የጻፈው አንድ መስመር ነበረ፦ «ተጠርጣሪ፦ ውብነሽ»።

አቶ መሐሪ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ነበሩ። ከምሳ ሰዓት በፊት ውብነሽን ባለጉዳይ በተሰለፈበት ቁልፏን ተረክበው ከሥራ አገዷት። አንዲት ቃል አልጠየቋትም። እሷም አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። በሦስተኛው ቀን «ውብነሽ የባልቴት መሬት ሸጠች» የሚለው ወሬ ከገበያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተዳረሰ።

አያ ጥጋቡ ይህን ሲሰሙ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተው ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እኔንም ቃል እንድጽፍላቸው በመንገድ ላይ ይዘውኝ ነበር የመጡት።

«ዮዲት ልጄ፣ ሌባሻይሽ ወደቀ አሉ» አሏት።

ዮዲት ራሷን አልተከላከለችም። «የገባሁልዎትን ቃል የበላሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ማሽኑ ያየው የውብነሽን የይለፍ ቃል እንጂ ውብነሽን አልነበረም። ያንን ሳልለይ ስሟን አሳልፌ ሰጠሁ። ትናንት ለአቶ መሐሪ ይህንኑ በጽሑፍ አቅርቤ እንድትጠየቅ ለምኛለሁ። እርስዎም ይቀመጡልኝ።»

ይህ መልስ ሽማግሌውን አበረዳቸው። ሰው ጥፋቱን ሲያምን መቆጣት ለእሳቸው ነውር ነበር።

ውብነሽ ተጠርታ መጣች። አቶ መሐሪ፣ ዮዲት፣ አያ ጥጋቡና ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ባሉበት ተቀመጠች። እኔ ብዕሬን ይዣለሁ።

«የጽዮን ዕለት የት ዋልሽ፣ ልጄ?» ብለው ጀመሩ አያ ጥጋቡ።

«የእኅቴን ልጅ ክርስትና ሳስነሳ። ከቅዳሴ በኋላም እዚያው ከቤታቸው ዋልኩ። ቄሱም፣ ሰማንያ እድምተኛም አይቶኛል።»

«መልካም። የይለፍ ቃልሽንስ ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ውብነሽ ወደ አቶ መሐሪ ተመለከተች። «እሳቸው ያውቃሉ» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ አቶ መሐሪ።

«ከጽዮን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደውለውልኝ አልነበረም? ‹ውቤ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ የእኔ ስልክ ዘግቶብኝ በሰው ስልክ ነው የደወልኩት፤ ከበላይ የመጡ ሰዎች መዝገብ ሊያዩ ነውና የይለፍ ቃልሽን ንገሪኝ› አላሉኝም? ነገርኩዎ። በኋላ እርስዎ ራስዎ ሲያባርሩኝ ምን ልበል? ማንስ ያምነኛል? የልጆቼን እንጀራ አሰብኩና ዝም አልኩ።»

አቶ መሐሪ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «በማርያም! እኔ አልደወልኩም!»

«ድምፅዎ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰማሁትን ድምፅ አልስትም።»

ከሁለቱ አንዳቸው የዋሹ መሰለ። ዮዲት ብቻ የተደወለበትን ቁጥር ከውብነሽ ስልክ ላይ ጻፈችና ቀስ ብላ ተናገረች፤

«ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። ዛሬ ድምፅ ይሠረቃል። አቶ መሐሪ በየስብሰባው የተናገሩት ሁሉ ፌስቡክ ላይ አለ። ያንን የወሰደ ሰው፣ በዚሁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በእሳቸው ድምፅ የፈለገውን ማስነገር ይችላል።»

አያ ጥጋቡ ዘንጋቸውን አነሡ። «አሁንስ አበዛሽው፣ ልጄ። መሬት ይሰረቃል፣ ከብት ይሰረቃል። ድምፅ እንዴት ይሰረቃል? ሹምሽን ለማዳን የፈጠርሽው ይመስላል።»

«አያምኑኝም?»

«አላምንሽም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ቤትዎ ልምጣ፤ በዓይንዎ ይዩት። በጆሮዎም ይስሙት።»

ቅዳሜ ጥዋት ዮዲትና እኔ አያ ጥጋቡ ቤት ደረስን። ባለቤታቸው እማማ ማንጠግቦሽ የባቄላ ቆሎና ጠላ አቀረቡልንና፣ ከጓዳ ገብተው ብቅል መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ዮዲት ኮምፒውተሯን ከመደቡ ላይ ዘረጋች።

«አባቴ፣ መጀመሪያ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ድምፅዎን ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ። ከዚህ ቤት ሳይወጣ፣ እርስዎ እያዩ አጠፋዋለሁ።»

«ውሰጂው፤ ለራሴም ካረጀብኝ ቆይቷል።»

ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አባታቸው ማሳ፣ ስለ አንድ የክረምት ጎርፍ፣ ስለ በሬያቸው ስለ ቦራም እንዲያወሩ አደረገቻቸው። ከዚያ ጥቂት ስትነካካ ቆየች። በመጨረሻም «ዝም ይበሉልኝ» ብላ ምልክት ሰጠቻቸውና አንድ ቁልፍ ተጫነች። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የአያ ጥጋቡ ድምፅ፣ ያው ሻካራው፣ ያው በመካከል ጉሮሮ የሚጠርገው፣ ከፍ ብሎ ወጣ፦

«ማንጠግቦሽ! ቦራን ለዮዲት ሰጥቻታለሁ፤ ዛሬውኑ ነድታ ትሂድ!»

የወፍጮው ድምፅ ቆመ። እማማ ማንጠግቦሽ ብቅል እንደ ነካ እጃቸው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ምን ነካዎት አንቱ! ቦራን ሰጥተው በምን ሊያርሱ ነው? በእኔ ሊያርሱ? ልጅቱስ ብትሆን በሬ ምን ይሠራላታል?»

አያ ጥጋቡ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዮዲት ተነሥታ እማማን እቅፍ አደረገቻቸውና ነገሩን አስረዳቻቸው። እማማም «ወግጂ፣ ያንን ሰይጣን ዝጊልኝ!» እያሉ፣ ግን ራሳቸውም እየሳቁ፣ «ደግሞ እንደገና አሰሚኝ እስቲ» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ አያ ጥጋቡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሃምሳ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ካልለየችኝ፣ ውብነሽ በምን ትለይ? ምስኪን! እኔም እኮ በልቤ በሹሙ ላይ ፈርጄ ነበር።» ከዚያም ቀና ብለው፣ «እውነት ነው ብዬ ተቀብዬሻለሁ። ግን ልጄ፣ ይህ ነገር እንዲህ ክፉ ከሆነ ለምን ጨርሳችሁ አትጥሉትም?» አሉ።

«እኛ ብንጥለው ሌባው አይጥለውም። እኛ በእግራችን ስንዳክር እሱ በፈረስ ይሄዳል። ሌባው በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ስምም ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚፈተሽ አርባ ሺህ ፋይል አለ። በሰው ዓይን እስከ ፋሲካ አይደረስም። ማሽኑ ትናንት በአንድ ቀን ፈትሾ ዘጠኙን ብቻ አወጣልኝ። እነዚህን ዘጠኙን ደግሞ እንደ ፊቱ ‹የተሰረቀ› ብዬ ለማንም አልሰጥም። ለእርስዎ ይዤ መጥቻለሁ።»

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ስም አስነበቧትና አሰቡ።

«ይኸኛው ትክክል ነው፤ አባትየው ባለፈው ጥር አርፎ ለልጁ የተላለፈ ነው፤ አዋሳኞቹን ጠይቂ። ይኸም ትክክል ነው፤ በፍቺ የተከፈለ ነው፤ እኔው ነኝ የሸመገልኳቸው። ሰባቱ ግን... ሰባቱ ሌብነት ነው። እዪ፣ ሁሉም አዲሱ መንገድ የሚያልፍበት ዳር ናቸው!»

ዮዲት እጆቻቸውን ያዘች። «አዩ አባቴ? ማሽኑ ያለ እርስዎ ሁለት ንጹሐን ሰዎችን ሌባ ባደረገ ነበር። እርስዎም ያለ ማሽኑ ሰባቱን ባላገኙ ነበር።»

እንደ እኔ አስተያየት፣ የአያ ጥጋቡ ልብ የተመለሰው በበሬው ቀልድ አልነበረም። ስልሳ ዓመት ያከማቹት እውቀት በአዲሱ ዘመን እንደ ጥራጊ እንደማይጣል፣ ይልቁንም እንደሚፈለግ ያወቁት በዚያች ሰዓት ነው። ሽማግሌ አዲስ ነገርን የሚጠላው ብዙ ጊዜ ነገሩ ስለከፋ ሳይሆን እሱን ከደጅ ስለሚያስቀረው ነው። ወጣቱም የሚስተው ከእውቀት ማነስ አይደለም፤ ከጥድፊያ ነው።

«በይ» አሏት፣ «ፈረሱን እንቀበላለን። ልጓሙን ግን እንሥራለት። ጻፍ፣ መምህር!»

እኔም ጻፍኩ። ማሽኑ ሲጠቁም የሰው ስም በሪፖርት ላይ «ተጠርጣሪ» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ «በዚህ የይለፍ ቃል እንዲህ ተደርጓል» ብቻ እንዲባል። የተጠቆመ ሰው አስቀድሞ እንዲጠየቅና ቃሉ እንዲሰማ። የይዞታ ስም የሚለወጠው በሁለት ሠራተኞች ፊርማ፣ ባለይዞታው በአካል ቀርቦ፣ አዋሳኞቹ ሲያውቁ ብቻ እንዲሆን። ማንም ሹም በስልክ የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ፤ ቢጠየቅም ሠራተኛው ስልኩን ዘግቶ በሚያውቀው ቁጥር መልሶ እንዲደውል፣ ይህን በማድረጉም እንዳይቆጡት። ማሽኑ ስለ ሠራተኞች የሚይዘው ነገር ለጥበቃው ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ፤ ማን ከማን ጋር ተጫወተ የሚለውን እንዳያይ። የመጨረሻዋን ያስጻፉኝ እማማ ማንጠግቦሽ ናቸው።

«ድምፄንስ?» አሉ አያ ጥጋቡ። ዮዲት ዓይናቸው እያየ አጠፋችው።

ሰባቱ ይዞታዎች በወረቀቱ መዝገብና በአዋሳኞች ምስክርነት ተረጋግጠው ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ወሬው የባልቴቷን ስም ስላልጠራ፣ ወይዘሮ ይታይሽ ማሳቸው ምን ደርሶበት እንደነበር የሰሙት ከተመለሰላቸው በኋላ ነው። የተደወለበት ቁጥር አንድ የመሬት ደላላ ዘንድ አደረሰ፤ ነገሩም ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ዳኛ ይይ እንጂ እኔ አልናገርም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። አቶ መሐሪ ለውብነሽ የመመለሻ ደብዳቤ ጽፈው በፖስታ ሊልኩላት ሲሉ አያ ጥጋቡ አስቆሟቸው።

«ጌታዬ፣ ስሟ የጠፋው በአደባባይ ነው፤ በፖስታ አይመለስም።»

አቶ መሐሪም እሺ አሉ። ይህን ለክብራቸው እመሰክራለሁ። በገበያ ቀን፣ ባለጉዳይ እስከ በሩ ተሰልፎ ሳለ፣ ከቢሯቸው ወጥተው በውብነሽ ፊት ቆሙ። «እኅቴ፣ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ማሽኑ አላሳሳተኝም፤ ያሳሳተኝ ፍርሃቴ ነው። በእነዚህ ሰዎች ፊት ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። ዮዲትም ከአጠገባቸው ቆማ፣ «ስምሽን የጻፈው ማሽን ቢሆንም የላክሁት እኔ ነኝ» አለች።

ውብነሽ ብዙ ሰው ሲያያት መናገር የምትወድ ሴት አይደለችም። የዮዲትን እንባ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። «ነገ ሌላ ሰው ሲጠቆም ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት። እኔ የምፈልገው ካሣ ይኸው ነው።»

አንባቢዬ ሆይ፣ አዲስ መሣሪያ ወደ ቤትህ ሲገባ አትሽሽ፤ ደግሞም አትንበርከክለት። ምን እንደሚችል እወቅ፣ ምን እንደማይችል ደግሞ ይበልጥ እወቅ። ንቁ ዘበኛ ንብረትህን ይጠብቅልሃል። የጎረቤትህን ስም የመጠበቅ ዕዳ ግን በአንተ ላይ ነው፤ ለማንም ልታስረክበው አትችልም።

ውብነሽ ቁልፏን ተቀበለች፤ ገብታም የወንበሯን አቧራ አራገፈችና መስኮቱን ከፈተች።

«ተራ የማን ነው?» አለች።